አክስቴ ራሳቸውን የካዱበት ቀን

አክስቴ በስማቸው ሲጠሩ ቶሎ አቤት የሚሉ ሴት አልነበሩም። ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲጣራ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ሁለተኛ ሲጠራ እንዝርታቸውን ያቆማሉ፤ ሦስተኛ ሲጠራ ብቻ በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው «ማን ልበል?» ይላሉ። አንዴ ተጣርቶ የሚሄድ ድምፅ የሰው ላይሆን ይችላል ባይ ናቸው። የሰው ቢሆንስ፣ ደኅና ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ሳይጣራ ለመሄድ ምን ያጣድፈዋል? እሳቸው ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር የሚሄደው።

ይህ እንግዲህ አገር ለሚያውቀው ስማቸው ነው። የክርስትና ስማቸውማ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ አገር የክርስትና ስሙን ላገኘው ሁሉ የሚያወራ ሰው ድሮም የለም። የክርስትና ስምህና የእናትህ ስም አንድ ላይ ከክፉ ሰው እጅ ከገቡ፣ ያ ሰው ይዟቸው ወደ አንዱ አስማተኛ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በከብትህም በትዳርህም ላይ የሚሆነውን እግዜር ይወቀው። ሌላው ሰው ታዲያ ስሙን ደብቆ አርፎ ይቀመጣል። አክስቴ ግን አያርፉም። አንዲት ሴት ለወሬ ያህል ብትጠይቃቸው «ረስቼዋለሁ» አሏት። ሴትዮዋ «የክርስትና ስም ይረሳል እንዴ?» ብትል «እኔ ጤና የለኝም» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

እኛን የእህታቸውን ልጆችም አሠልጥነውናል። ለጥምቀት እናታችን ቤት በመጡ ቁጥር ግድግዳ አስደግፈው ያቆሙንና ይፈትኑናል። የክርስትና ስምሽ ማን ነው? «አላውቅም።» የእናትሽ ስም ማን ነው? «እማዬ።» ሌላ ስም የላትም? «እማዬ ነው የምንላት።» በትክክል የመለሰ ቆሎ ይሰጠዋል። ትምህርት ቤት ስመዘገብ መምህሩ የእናቴን ስም ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ሥልጠናዬ «እማዬ» አልኩ። እሱም ሳይስቅ ጻፈው። እኔ ራሴ ሞላሌ ከተማ አስተማሪ ሆኜ የልጆች ስም ስመዘግብ፣ እንዲህ ብሎ የሚመልስልኝ ልጅ ሲያጋጥመኝ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ መጠየቅ ያምረኝ ነበር።

አክስቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት መርሐቤቴ ቆላ፣ ባላቸው አገር ነው። ልጅ ሆነው ተድረው ሄዱ፤ ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆላው አላስቀምጥ አላቸው። በዚያው ሰሞን ደጋ የነበረው ወንድማቸው ሳያገባ ሳይወልድ ሞተ። ያባታቸው መሬት ላይ፣ ድንጋይ ቤቱ ውስጥ፣ አክስቴ ተመልሰው ገቡ። ቤቱ ከሞላሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ሁለት ጥማድ የገብስ ማሳ አለው፣ ከጀርባው ገደል ነው፣ ጎረቤት የለውም። በሚቀጥለው ጉብታ ላይ ግን የአጎታቸው ልጅ ይኖራል። ይህ ሰውዬ ሟቹን ወንድማቸውን የእኩል ያርስለት ነበር። መሬቱ በኋላ የሱ እንደሚሆን ሲያስብ ኖሮ፣ አንዲት አሮጊት የበግ ፀጉር ባና ተከናንበው ከቆላ ብቅ ሲሉ ምን እንደተሰማው አልጠፋኝም። ፊት ለፊት ግን እህቴ እያለ ጉልበታቸውን ይስም ነበር።

ዘመኑ የመሬት ደብተር የሚታደልበት ነበር። መንግሥት የያንዳንዱን ገበሬ መሬት አስለክቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፎቶግራፉን ለጥፎ ደብተር ይሰጣል ተባለ። ደብተር ያለው ሰው መሬቱን ማንም አይነካበትም፤ የሌለው ግን ወየውለት። ከየመንደሩ ኮሚቴ ተመረጠ። አክስቴ ቤት የመጡት ሦስት ጎረምሶች ናቸው፤ ከገደሉ ማዶ ካለው መንደር ስለሆኑ አያውቋቸውም። ገመድና የላስቲክ ማኅደር ይዘዋል። ሦስት ጊዜ የመጣራትን ደንብ ስለማያውቁ አንዴ «ቤቶች» ብለው ዘው አሉ። አክስቴ በዚሁ ተቀይመዋቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ፤ ያውም እየኮሩ። ማኅደር የያዘው ልጅ ቁጭ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

«እማማ፣ የባለይዞታዋ ሙሉ ስም ከነአያት፤ ቀጥሎ የእናት ስም።»

አክስቴ የበግ ፀጉር መፍተላቸውን አላቆሙም።

«ለምንድነው የእናት ስም?»

«ቅጹ ይጠይቃል።»

«ቅጹ ለማን ሊነግር?»

«ለማንም አይነግርም። ወረዳ ይሄዳል፣ እዚያ ይቀመጣል። ለመሆኑ ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?»

አክስቴ ልጁን አዩት፣ እስክሪብቶውን አዩት፣ ወረዳ የሚቀመጠውን የእናታቸውን ስም አሰቡት።

«እኔ አይዶለሁም» አሉ። «ባለቤቷ ገበያ ሄዳለች።»

«እርስዎስ?»

«ጎረቤት ነኝ። ዶሮዎቼን ጠብቂልኝ ብላኝ ነው።»

ልጆቹ መሬቱን ለክተው ሲጨርሱ ቃለ ጉባኤ ጻፉ። ባለይዞታዋ በቤቷ ስላልተገኘች ከጎረቤቷ ተጠይቆ ገበያ መሄዷ ታውቋል፤ ሌላ ቀን ትመዝገብ፤ ይላል። ጎረቤቷ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። አክስቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጠብ አደረጉበት።

«ጣት እኮ ስም የለውም» አሉኝ ሲነግሩኝ፣ ተንኮላቸው ደስ ብሏቸው።

እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያን ቀን በመሳቄ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። በማግስቱ እጃቸውን ይዤ ቀበሌ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ይልቅስ ለመምህራኑ ሁሉ እየዞርኩ የአክስቴን ብልጠት አወራሁ። ኮሚቴው ይመለሳል ብዬ ነበር። ኮሚቴው ግን አልተመለሰም፤ ሰው ነው ወደ ኮሚቴው የሄደው።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሞላሌ ገበያ ቀን፣ አክስቴ ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል ድረስ መጡ። በሬን አንዴ ብቻ አንኳኩተው ገቡ። ይህ ብቻውን አስደነገጠኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ሳይቀመጡ፤ «ሌላ ሴት እኔን ሆናለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተር የሚታደልበት ቀን አክስቴ ሰው ሁሉ ሲሄድ እንዳይቀርባቸው ብለው ቀበሌ ሄደው ከኋላ ቆመዋል። ስም ይጠራል፣ ሰው አቤት ይላል፣ ደብተሩን ይወስዳል። የሳቸው ስም ተጠራ። አክስቴ እንደ ደንባቸው ሦስተኛውን ጥሪ ሲጠብቁ፣ ከፊት አንዲት ነጠላ የተከናነበች ጠና ያለች ሴት በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ብላ ወጣችና ደብተሩን ተቀበለች። ከአጠገቧ የአጎታቸው ልጅ ቆሟል። ሴትዮዋ የሚስቱ እህት ናት፤ ከሩቅ ደብር የመጣች፣ እዚያ ማንም የማያውቃት። ፎቶ በሚነሳበት ቀን ሰውዬው ይዟት ሄዶ «ገበያ የነበረችው እህቴ መጣችላችሁ» ብሎ አስመዝግቧታል። የአክስቴን ስም፣ ያባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም አንድ በአንድ ሰጥቷል። የሱም አያት አይደሉ?

«የእናትዎንስ ስም?» አልኩ።

«እሱንም» አሉና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «እናቴን ወረዳ አስገባት።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ይህንን ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ይዤ ዋጥኩት። ልጅ የላቸውም፣ ባል የላቸውም፣ ወደ ቆላ የሚመልሳቸው ነገር የለም። ያ ማሳና ያ ድንጋይ ቤት ከሄደ፣ በሰባ ዓመታቸው የኔን የኪራይ ክፍል ሊጋሩ ነው። ስማቸውን ሲጠብቁ ኖረው፣ ባዶውን አስቀምጠውት ሌላ ሰው ገባበት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ሰኞ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግምገማ ብቻ ነው የሚፈራው። መዝገቡን አውጥቶ አሳየኝ። ከሥሩ የአክስቴ ስም ከነአያታቸው ተጽፏል፤ ከላይ የማላውቃት ሴት በድንጋጤ አፍጥጣ ታየኛለች።

«ይቺ አክስቴ አይደለችም» አልኩ።

«አክስትሽ ያልሻቸው ሴትዮ አይደለሁም ብለዋል እኮ፣ መምህርት። ይኸው በጣታቸው ፈርመዋል» ብሎ ያንን ቃለ ጉባኤ ዘረጋልኝ።

«ጎረቤት ነው የሚለው። ለዚያ ቤት የቱ ነው ጎረቤቱ? ከኋላው ገደል ነው።»

ሊቀመንበሩ አሰበና ራሱን አከከ። «እሱስ ልክ ነሽ። ግን የአጎቷ ልጅ የሚለው ሌላ ነው። እኒያ አሮጊት እህቴ ከቆላ ያመጣቻቸው ሠራተኛ ናቸው ይላል። አሁን እኔ ደብተሩን ብነጥቅና ተሳስቼ ብገኝ በግምገማ ይነሳብኛል። መታወቂያ ያምጡ።»

መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያም ፎቶና የእናት ስም ይጠይቃል፤ ይህንን ለሱ ብነግረው መልሶ አክስቴን ይጠረጥራል ብዬ ዝም አልኩ።

እናቴ ሞታለች፤ የኔን ቃል የዘመድ ነው ብለው አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ምስክር ፍለጋ ዞርኩ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ይህንን በመሐላ መስክር ካልሽው ግን ማንም አያውቃቸውም። ግማሹ ሰው የሚያርሰው በዚያ በአጎታቸው ልጅ በሬ ነው፤ እርሻ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማን ከበሬው ጋር ይጣላል? የልጅነት እኩያቸው የሆኑ አንዲት ባልቴት ደግሞ «ጡቷ ሳይወጣ ነው የሄደችው፤ እሷ ትመስለኛለች፤ ግን መልክ ይለወጣል፤ በመሬት ነገር ነፍሴን አላሲዝም» አሉኝ። እንዲህ ያሉኝ አክስቴ የላኩላቸውን ቅቤ ከነቅሉ እጃቸው ላይ ይዘው ነው።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ብልህ ሐሳብ የመጣልኝ። ሌቦቹ ሁሉን ያውቃሉ፤ ስም፣ አባት፣ አያት፣ የማሳ ድንበር። አንድ የማያውቁት ነገር ምንድነው? ሰባ ዓመት የተደበቀ የክርስትና ስም አለ። ለማንም አልተነገረም። የንስሐ አባታቸው ቆላ ቀርተዋል፤ ደጋ ከተመለሱ ወዲህ አልቆረቡም። ያጠመቋቸው ቄስ ግን አሉ። መንኩሰው፣ ዕድሜያቸው ዘጠና አልፎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ሁለቱም ሴቶች ለአባ የክርስትና ስማቸውን ሹክ ይበሉ፤ አባ ትክክለኛዋ ይቺ ናት ይበሉ፤ አለቀ። ሐሳቡ ራሴን አስገረመኝ። ሊቀመንበሩም ወደደው፤ ኃላፊነቱ ከሱ ላይ ይነሳለታላ። «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ እኔ የምገኘው እንደ ግለሰብ ነው» ብሎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ እንዲቀመጥ አዘዘ።

የቀረኝ አክስቴን ማሳመን ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«ለአባ ጆሮ ነው። ሌላ ማንም አይሰማም።»

«ለአባ ጆሮ» አሉ እያሰቡ።

«ቄስ ምስጢር አያወጣም።»

«አያወጣም» አሉ።

በዚህ አኳኋን የምለውን ሁሉ እየደገሙ አመሹ። እኔም ተስማምተዋል ብዬ ተኛሁ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። አባን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የእጅ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሊቀመንበሩ እንደ ግለሰብ ከፊት ተቀመጠ። የአጎታቸው ልጅ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ እንደ ሙሽራ አባት ይንጎራደዳል። የሚስቱ እህት መሬት መሬት ታያለች። በኋላ እንደሰማሁት መጀመሪያ ፎቶ ያስነሳት ለእርዳታ ስንዴ ነው ብሎ ነበር፤ ነገሩ ሲገባት ማፈግፈጊያ አጣች።

አስቀድሞ እሷ ተጠራች። ተንበርክካ መስቀሉን ተሳለመች። አባ ለማንኛዋም ቆራቢ ሴት እንደሚሉት «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት። ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ሹክ አለች።

«አልሰማሁም» አሉ አባ።

ደግማ ሹክ አለች።

«ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ።»

ያን ጊዜ ነው ስሕተቴ የገባኝ። አባ መስማት እንደተሳናቸው አገር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ብልህ ሐሳቤን ሳስብ ግን ዘንግቼዋለሁ። ሴትዮዋ አሁን ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። የተሰበሰበው ሕዝብ በሞላ ሰማ፤ እኔ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ያገሬ ሰው የሰው የክርስትና ስም ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ እዚያም ግማሹ አንገቱን ደፋ፣ ግማሹ ግን ሰምቶ ያዘ።

«ደኅና» አሉ አባ። «ሁለተኛዋ ትምጣ።»

አክስቴ ተነሥተው ሄዱ። ተንበረከኩ፣ መስቀሉን ተሳለሙ፣ አፋቸውን ወደ አባ ጆሮ አስጠጉ። ከዚያ ጆሮውን አዩት። ከዚያ ዞር ብለው ሕዝቡን አዩት። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት።

«ንገሪኝ እንጂ» አሉ አባ።

«አልነግርም፣ አባቴ።»

ሰው ጉድ አለ። የአጎታቸው ልጅ «ይኸው፣ አታውቀውም፤ ሠራተኛ ናት ብያችሁ ነበር» ብሎ እጁን አጨበጨበ። እኔ ያን ሰዓት አክስቴን ብደርስባቸው ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። አንድ ቃል ናት፤ አንዲት ቃል ተናግረው ማሳቸውን ቤታቸውን ይዘው ሊገቡ ነው፤ በሷ ላይ ግትር ይላሉ? ሰው ማሳውን የሚያጣው በስም ምክንያት ነው እንዴ? ከሰው መሐል እየተጋፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ።

አባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልሽ?» አሉ።

አክስቴ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ይህቺን ሰው ሁሉ ቢሰማት ግድ የላቸውም። «አልነግርም ነው ያልኩ። እርስዎ ያጠመቁኝ ከሆነ ያውቁታል፤ እንደገና ምን ያስነግሩኛል? ካላወቁት ደግሞ አይገባዎትም።»

የአባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ አመጡላቸው። ሲተነፍሱ መስቀላቸውን አክስቴ ራስ ላይ አሳረፉ።

«የዚያች ሴትዮ ልጅ ናት» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «እናቷን አስታውሳለሁ። በሰማንያ ቀኗ ይዛት መጥታ አጠመቅኋት፣ ስሙን ራሴ አወጣሁላት። ቅዳሴው አልቆ ‹ማን ነበር ያልናት?› ብዬ ብጠይቃት ‹አባቴ፣ አንዴ ሰጥተውኛል፤ አሁን የኔ ነው፤ አልነግርዎትም› ብላኝ ልጇን አዝላ ሄደች። እንዲህ ያለ አፍ ከአንድ ቤት እንጂ ከሁለት ቤት አይወጣም።»

ሊቀመንበሩ ይህንን በቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጽፈው ገና ሲጨነቅ፣ ደብተሩን የወሰደችው ሴት ከተቀመጠችበት ተነሣች። አልቅሳ ዐይኗ ቀልቷል። አባ እግር ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ይመልሱልኝ» አለች።

«ምኑን ልጄ?»

«ስሜን። መስቀል ሲቀርብልኝ ጊዜ አፌ በልማዱ የኔውን ተናገረ። የኔ ስም ነው፤ ይኸው ሰው ሁሉ ሰማው። ልጆች አሉኝ። ይመልሱልኝ።»

የአጎታቸው ልጅ ጋቢውን አስተካክሎ ቤተ ክርስቲያኑን በማየት ላይ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምኑን ይመልሱልሽ» አሏት፤ በክፋት አልነበረም። ይልቁን ወደ እሷ የሄዱት አክስቴ ናቸው። ከመሬት አነሡዋትና በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገሯት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይቺ ልጅ የተናገረችውን የሰማ ሰው አለ?»

ሕዝቡ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹም አልሰማንም አሉ። ሊቀመንበሩም እንደ ግለሰብ አልሰማም። እኔም አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬም አልሰማሁም።

ደብተሩ ተሻረና አዲስ ታዘዘ። ፎቶ ለመነሳት አክስቴን ሞላሌ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ አፍንጫዎ ይታይ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ዐይኔ አይበቃም?» ይላሉ። በመጨረሻ እስከ ከንፈራቸው ዝቅ አደረጉት። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ አንዲት አሮጊት አፏን ሸፍና አንዱን ዐይኗን ጨፍና የምታይበት ነው።

ያን ቀን ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው መንገዱ መሐል ላይ ቆሙ። ነፋሱ የገብሱን ማሳ ያስተኛዋል። አንድም ሰው አይታይም።

«አባን ጠይቀሻቸዋል አይደል?» አሉኝ። «ስሜን ያስታውሱታል?»

ጠይቄያቸው ነበር። አባ «ልጄ፣ ያጠመቅሁትን ሁሉ ስም ይዤ ልዞር ነው?» ነበር ያሉኝ።

«አያስታውሱትም» አልኩ።

«ቆላ ያሉት የንስሐ አባቴም እንደሞቱ ወሬው ደርሶኛል።» ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ደብተሩን በተነጠቁ ቀን እንኳን ያላየሁት ነው። «እንግዲያው የሚያውቀው የለም። ስሞት በማን ስም ሊፈቱኝ ነው? ማን ሊሉኝ ነው እዚያ?»

ከኔ ሌላ የሚያምኑት ዘመድ የላቸውም። ዙሪያቸውን አዩ፣ ገደሉን አዩ፣ ከዚያ ጆሮዬን ሳብ አድርገው ነገሩኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። ሞላሌ ገበያ መሐል ቆሞ በዚያ ስም የተጣራ ሰው ግማሿ ሴት አቤት ትለዋለች። ያቺ ምስኪን ሴት በመስቀሉ ደንግጣ የራሷን ስም ባትናገርና በግምት ለመናገር ብትሞክር፣ መጀመሪያ አፏ ላይ የሚመጣላት እሱ ነበር።

«ለዚህ ነው?» አልኩ ዕንባዬን እየጠረግሁ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው?»

«ብርቅ ነው ብዬ አይዶለም የጠበቅሁት» አሉ። «የኔ ስለሆነ ነው።» ተቀየሙኝ። ጥቂት መንገድ ሄደው ዞሩ። «በይ አንቺም ንገሪኝ። እኔ ነግሬሽ የለም?»

እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው ነኝ። አስማት ምናምን አላምንም፤ ተማሪዎቼንም አትመኑ እላለሁ። አፌን ከፈትኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። የወጣልኝ ስም የኔ አልነበረም፤ ለምን እንደዋሸሁ ራሴም አላውቅም።

አክስቴ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለውኝ ቀድመው ሄዱ።

ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ ነው ነገሩ የገባኝ። «አክስቴ፣ የእርስዎስ እውነተኛው ነው?» ብዬ ተጣራሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አልዞሩም።

ማሳቸውን እያሳረሱ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝና ያንን ገበያ የሚሞላ ስም ነገርኳቸው። ሌላ የሰጡኝ አልነበረም።